ደንበኛውና ዲዛይነሩ በአንድ ቀለም እንዲስማሙ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምተዳደረው በግራፊክ ዲዛይን ሥራ ነው። ሎጎ፣ ብሮሹርና የዕቃ ማሸጊያ እየሠራሁ ናሙናውን ለደንበኞቼ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ መልእክት ወይም በኢሜይል እልካለሁ። በእኔ ሞኒተር ላይ የማየው ቀይ በአንዱ ደንበኛዬ ስልክ ወደ ብርቱካን ያደላል፤ ሌላው ደግሞ «ደብዝዟል» ይለኛል፤ ታትሞ ሲመጣ ከሁሉም የተለየ ሆኖ ይገኛል። ናሙናው የትም ቢከፈት ቀለሙ ሳይለወጥ እንዲታይ ምን ላድርግ? የሞኒተር ማስተካከያ መሣሪያ ብገዛስ ችግሩ ይፈታልኛል? — ግራፊክ ዲዛይነር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «የትም ቢከፈት ሳይለወጥ» የሚለው ምኞትዎ እንደ ቃሉ የሚፈጸም አይደለም፤ ደንበኛዎ በያዘው ስልክ፣ በመረጠው የስክሪን ብርሃንና በተቀመጠበት ክፍል ላይ እርስዎ አያዙምና። በእጅዎ ያለው፣ ፋይሉ ከእርስዎ ዘንድ ሲወጣ ቀለሙን በትክክል የሚገልጽ ሆኖ እንዲወጣ ማድረግና የመጨረሻው ቀለም በምን ላይ ታይቶ እንደሚጸድቅ ገና ሥራው ሲጀመር ከደንበኛው ጋር መስማማት ነው። የገለጿቸው ቅሬታዎች የአንድ ችግር መልኮች ቢመስሉም መነሻቸው የተለያየ ስለሆነ በየራሳቸው ማየቱ ይሻላል።

«ደብዝዟል» ካለው ደንበኛ እንጀምር፤ የእርሱ ቅሬታ ከፋይሉ የመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከሆነም መፍትሔው ሙሉ በሙሉ በእርስዎ እጅ ነው። በዲጂታል ምስል ውስጥ ቀለም ሆኖ የሚቀመጠው የቀይን፣ የአረንጓዴንና የሰማያዊን መጠን የሚናገሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን የተወሰነ ቀለም አያመለክቱም፤ መለኪያው ሳይጠቀስ «10 ነው» ተብሎ እንደተነገረ ርዝመት ናቸው፤ ሜትር ይሁን ክንድ የሚነግረን ከፋይሉ ጋር የሚያያዘው የቀለም ፕሮፋይል ነው። የፕሮፋይሉ አሠራር በ1993 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው ኢንተርናሽናል ከለር ኮንሰርቲየም አማካይነት ደረጃ የወጣለት ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ የዲዛይን ፕሮግራሞች ሁሉ ያነቡታል።

ጉዳቱን ቁጥሮቹ በሚነበቡባቸው ሁለት መለኪያዎች፣ ማለትም ኤስአርጂቢና አዶቤ አርጂቢ በተባሉ የቀለም ክልሎች፣ በቁጥር እንየው። በኤስአርጂቢ 255፣ 0፣ 0 ተብሎ የሚጻፈው ቀይ፣ በአዶቤ አርጂቢ ሲጻፍ 219፣ 0፣ 0 ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ቢለያይም ፕሮፋይሉ አብሮ እስካለ ድረስ ቀለሙ ያው ነው። ፕሮፋይሉ መንገድ ላይ ሲቀር ግን ተቀባዩ ስልክ 219ን የኤስአርጂቢ ቁጥር አድርጎ ስለሚያነበው ደማቁ ቀይ ጠቆርና ፈዘዝ ብሎ ይወጣል፤ በኤስአርጂቢ 0፣ 255፣ 0 የነበረው አረንጓዴም በአዶቤ አርጂቢ 144፣ 255፣ 60 ገደማ ሆኖ ስለተጻፈ ወደ ቢጫ ያደላል። ደንበኛዎ ያየው ይህንን ከሆነ የተናገረው እውነቱን ነው፤ ስልኩም አልተበላሸም።

ስለዚህ ለደንበኛ የሚላክ ማንኛውም የስክሪን ናሙና በኤስአርጂቢ ይሁን። ኤስአርጂቢ በ1996 እ.ኤ.አ. ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት ያቀረቡት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ የቀለም ክልል ነው፤ ብራውዘሮችና ስልኮች ፕሮፋይል የሌለው ምስል ሲያጋጥማቸው በአብዛኛው ኤስአርጂቢ እንደሆነ ስለሚቆጥሩት፣ ፕሮፋይሉ ቢጠፋ እንኳ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። በፎቶሾፕ ሲሠሩ «ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይል» የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀሙ እንጂ «አሳይን ፕሮፋይል» የሚለውን አይጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ቀለሙን ጠብቆ ቁጥሮቹን ሲቀይር፣ ሁለተኛው ቁጥሮቹን ጠብቆ ቀለሙን ይቀይራል፤ በዚህ ልዩነት ምክንያት የሚበላሸው ሥራ የሚያሳዝን ነው። ፋይሉን ኤክስፖርት ሲያደርጉም ፕሮፋይሉ አብሮ እንዲያያዝ የሚያዘው ሳጥን ምልክት የተደረገበት መሆኑን ይመልከቱ። ለኅትመት የተዘጋጀውን የሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች የተገለጸ) ጄፔግ እንዳለ ለደንበኛ መላክ አይገባም፤ ብዙ የምስል መክፈቻዎች በትክክል አያሳዩትም።

የመላኪያው መንገድም ለውጥ ያመጣል። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ምስልን እንደ ፎቶ ሲልኩት ጨምቀው ስለሚያሳንሱት በፋይል መልክ ይላኩ፤ ሁለቱም ይህን አማራጭ ይሰጣሉ። ከስክሪንዎ ላይ የተነሣ ስክሪንሾትማ ጨርሶ ናሙና ሊሆን አይገባውም፤ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች የእርስዎን ሞኒተር ፕሮፋይል ይዞ፣ በሌሎች ደግሞ ያለ ምንም ፕሮፋይል ይወጣልና።

ወደ ብርቱካን ያደላው ቀይ ሌላ ምክንያት አለው። በመጀመሪያ ልጠረጥረው የሚገባኝ፣ በምሽት ሰማያዊውን ብርሃን የሚቀንሰውን የስልክ ማስተካከያ ነው። ቀይዎ ጥቂት ሰማያዊ የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ያ ሰማያዊ ሲቀነስበት ወደ ብርቱካን መሄዱ የማይቀር ነው። እንደየክፍሉ ብርሃን የስክሪኑን ነጭ የሚለዋውጠው ትሩ ቶንና በአንዳንድ ስልኮች ላይ ያለው ቀለምን የሚያጋንን የማሳያ ምርጫም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላሉ። ደንበኛው እነዚህን አጥፍቶ፣ የስክሪኑን ብርሃን መካከለኛ አድርጎ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት እንዲያይ በሁለት መስመር ትሕትና የተሞላበት ማስታወሻ ከናሙናው ጋር ይላኩለት። ዓይናችን ቢጫ የሆነ ስክሪንን ቶሎ ስለሚለምደው ደንበኛው መዛባቱ ላይታወቀው ይችላል፤ በቀን ብርሃን ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ቢይዝ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይገለጥለታል።

ስለ ማስተካከያ መሣሪያው ለጠየቁት፣ አዎን፣ ይግዙ፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚያስተካክለው የእርስዎን ሞኒተር ብቻ መሆኑን አውቀው ይግዙ። ጥቅሙ እርስዎ የሚመርጡት ቀለም ከመነሻው የተዛባ እንዳይሆን ማድረጉ ነው። ሞኒተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል አብርተው ካቆዩት በኋላ፣ ነጩን 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው)፣ ጋማውን፣ ማለትም ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን የብርሃን አካሄድ፣ 2.2፣ ብርሃኑን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር አድርገው ካሊብሬት ያድርጉት፤ በየወሩም ይድገሙት። አዳዲስ ሞኒተሮች አብዛኛውን ጊዜ ብርሃናቸው ከዚህ እጅግ በልጦ ይመጣሉ፤ «ታትሞ ሲመጣ ጨለመ» የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ኅትመቱን በተመለከተ፣ ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፤ ቀለም የተቀባ ወረቀት ግን የሚያርፍበትን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፤ በመሆኑም በስክሪን የሚታዩ አንዳንድ ቀለሞች በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሊገኙ አይችሉም። በስክሪን የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወርድ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ፈዛዛ ሰማያዊ መሆኑ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው። ደንበኛው ይህን ከኅትመት በኋላ ሳይሆን በፊት እንዲያይ፣ ማተሚያ ቤቱን ለሚታተምበት ወረቀት የሚስማማውን ፕሮፋይል ይጠይቁ፤ ለሚያብረቀርቅና ለማያብረቀርቅ ወረቀት ፕሮፋይሉ ይለያያልና። ከዚያም በፎቶሾፕ ወይም በኢንዲዛይን የኅትመቱን ውጤት በስክሪን የሚያስመስለውን ማሳያ ከፍተው ይሥሩ፤ ለደንበኛውም ወደዚሁ ፕሮፋይል ተለውጦ ተመልሶ ወደ ኤስአርጂቢ የተመለሰውን ምስል ይላኩ። የደበዘዘ መስሎ ቢታይዎ እንኳ ሊገኝ ወደሚችለው የቀረበው እርሱ ነውና፣ ደንበኛን በማይገኝ ድምቀት ማስጎምጀት ተገቢ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ቀለም በስክሪን ባይጸድቅ እመርጣለሁ። በስክሪን የሚጸድቀው ጽሑፉ፣ አቀማመጡና የፊደሉ ዓይነት ይሁን፤ ቀለሙ ግን በታተመ ናሙና፣ ለሎጎ ከሆነም በፓንቶን (ለእያንዳንዱ የማተሚያ ቀለም መለያ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) ቁጥርና በቁጥሩ የወረቀት ናሙና ይጽደቅ። ይህንንም በውልዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩት።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ዲዛይን የማሠራ የንግድ ሰው ነኝ። ዲዛይነሬ የታተመ ናሙና አሳይቶኝ በቢሮዬ ስቀበለው ልክ ነበር፤ መደብር ውስጥ ሳየው ግን ቀለሙ ሌላ ሆነብኝ። ወረቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል? — ነጋዴ

መልስ፦ ወረቀቱ አንድ ቢሆንም ያረፈበት ብርሃን አንድ አይደለም። በአንድ መብራት ሥር ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ቀለሞች በሌላ መብራት ሥር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ማሸጊያዎ ሎጎዎ ከታተመበት በተለየ የማተሚያ ቀለም ከታተመ ይህ ይበልጥ ይታያል። በኅትመት ሥራ ናሙና የሚታይበት መደበኛ ብርሃን 5000 ኬልቪን ሲሆን፣ ዲዛይነርዎም ሆነ ማተሚያ ቤቱ በዚህ ብርሃን ቢያሳይዎት የሁላችሁም ዳኝነት በአንድ መሠረት ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ መብራት ካልተገኘ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት የቀን ብርሃን ይመልከቱት። ዕቃው የሚሸጥበት መደብር መብራት የታወቀ ከሆነ ግን በዚያም መብራት ሥር አይተው ማጽደቅ መብትዎ ነው። ያጸደቁትን ናሙና በሁለት ቅጂ አስፈርመው፣ አንዱን ማተሚያ ቤቱ፣ ሌላውን እርስዎ ብርሃን በማያገኘው ፖስታ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ቀጣዩ ኅትመት የሚመዘነው በእርሱ ነው።