የቻይና ሸማች ሲገዛ ትርፉ ወደ ማን ኪስ ይገባል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ቨርጂኒያ ተቀምጠህ ያጠራቀምከው ጥሪት አለህ። የቻይና መንግሥት ሕዝቡ ብዙ እንዲገዛ እያበረታታ መሆኑን ሰምተሃል። ከ1.4 ቢሊዮን ሕዝብ ጥቂቱ እንኳ ኪሱን ቢፈታ የፍጆታ ኩባንያዎች አክሲዮን ይወጣል ብለህ ስላሰብክ የእነዚህን ኩባንያዎች አክሲዮን በአንድ ላይ ስለሚይዝ ፈንድ ስትጠይቅ «የቻይና ሸማቾች ፈንድ አሁን ልግዛ ወይስ ልቆይ?» ትላለህ። እኔ የፋይናንስ ባለሙያ አይደለሁም። ደቡብ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ውስጥ ከአገር ቤት ለሚመጡ ነጋዴዎች ዕቃ እያፈላለግኩና እያስጫንኩ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። የምነግርህ በዓይኔ ያየሁትንና ከኪሴ ከፍዬ የተማርኩትን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የከሰርኩበትን ልንገርህ። በምሠራበት ሕንፃ ውስጥ አንዲት ቻይናዊት የሒሳብ ሠራተኛ አለች። ለራሷ ጫማ ለመግዛት ሦስት ወር ታስባለች፤ ለልጇ ማስጠኛ ግን ሳታቅማማ ትከፍላለች። ያኔ አምስተኛው ፎቅ ሙሉውን ማስጠኛ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት አሳንሰሩ ቦርሳ ባዘሉ ልጆች ስለሚሞላ በደረጃ እንወጣ ነበር። «ይህ ሕዝብ ምንም ቢቸግረው የልጁን ትምህርት አይቀንስም» አልኩና አክሲዮኑ ኒው ዮርክ ከሚሸጥ አንድ የማስጠኛ ኩባንያ ገዛሁ። ስለ ወላጆቹ ያሰብኩት ልክ ነበር፤ አንዳቸውም ክፍያ አልቀነሱም። ነገር ግን ጁላይ 2021 ላይ መንግሥት መደበኛ ትምህርት የሚያስጠኑ ድርጅቶች ትርፍ የማያገኙ እንዲሆኑ ወሰነ። ካስገባሁት ገንዘብ ሩቡ እንኳ አልተመለሰልኝም። ሸማቹን በትክክል አውቄ ገንዘቤን አጣሁ።

ስለዚህ አንድ ሰው «የቻይና ሸማች ሊነሣ ነው» ሲለኝ፣ ተነሣ እንበልና ትርፉ ባለአክሲዮኑ ዘንድ በምን በኩል ይደርሳል ብዬ እጠይቃለሁ።

ሸማቹም ቢሆን ለመነሣት የከበደው ያለምክንያት አይደለም። ቤተሰቦች ለፍጆታ የሚያወጡት ገንዘብ ቻይና ውስጥ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 40 በመቶ ገደማ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 68 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ይህ ክፍተት ሊሞላ ነው ሲባል እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እሰማለሁ። ያቺ የሒሳብ ሠራተኛ በ2020 ፎሻን ከተማ አፓርታማ ገዛች። ዛሬ ብትሸጠው ከገዛችበት ዋጋ ሲሶው ይጎድላል፤ የባንክ ዕዳዋ ግን አልጎደለም። አብዛኛው የቻይና ቤተሰብ ሀብቱን ያኖረው ቤት ላይ ስለሆነ፣ ቤት ገንቢው ግዙፍ ኩባንያ ኤቨርግራንዴ በ2021 ዕዳውን መክፈል አቅቶት የቤት ገበያው ሲወድቅ የተመታው ግንበኛው ብቻ አልነበረም። በዚያ ላይ ገጠር ላሉት እናቷ ገንዘብ ትልካለች። ለገጠር አረጋውያን መንግሥት የወሰነው ዝቅተኛ መሠረታዊ ጡረታ በ2025 በወር 143 ዩዋን ነበር። እንዲህ ያለች ሴት «ገንዘብ አውጪ» ስለተባለች አታወጣም።

የ2024 የዋጋ ንረት 0.2 በመቶ ብቻ ነበር። የኑሮ ውድነት ያንገበገበን እኛ ይህን ስንሰማ «ታድለው!» እንላለን። ለነጋዴው ግን መርዝ ነው፤ ገዢው ነገ ይረክሳል ብሎ ይጠብቃል፣ ሻጩ ከጎረቤቱ ቀድሞ ይቀንሳል።

ከሕንፃችን በር ላይ ሆነህ ብታይ ይገባሃል። በግራ ሉኪን ቡናውን በ9.9 ዩዋን ይሸጣል፤ በቀኝ ሚሹዌ አይስክሬሙን በ2 ዩዋን። በ2025 የኢንተርኔት ሻጩ ጄዲ ወደ ምግብ ማድረስ ሥራ ሲገባና ከነባሮቹ አድራሾች ከሜይትዋንና ከአሊባባ ጋር የቅናሽ ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። አንድ ቀን ቢሯችን አምስት የወተት ሻይ አዘዘ፤ ቅናሹ ሁሉ ተቀናንሶ ለእያንዳንዱ የከፈልነው ከአውቶቡስ ዋጋ ያንሳል። አድራሹ ላቡ እየተንጠባጠበ አሥራ አንደኛ ፎቅ ድረስ አመጣልን። ልዩነቱን የሸፈነው ማን ይመስልሃል? ባለአክሲዮኑ ነው። ሜይትዋን በዚያው ዓመት ሦስተኛ ሩብ ላይ ኪሳራ አስመዘገበ። ቻይናዎቹ ለእንዲህ ያለው ማንንም የማይጠቅም ፉክክር «ኔይጁዋን» የሚል ቃል አላቸው፤ እህሉ አልቆ ገለባ ላይ እየዞረ እንደሚያበራይ በሬ አድርገህ ውሰደው።

አሮጌ መኪናና የቤት ዕቃ በአዲስ ለሚቀይሩ የሚሰጠው ድጎማም እንዳያታልልህ። ለዚህ በ2024 የተመደበው 150 ቢሊዮን ዩዋን፣ በ2025 ደግሞ 300 ቢሊዮን ነበር። ጎረቤቴ ማቀዝቀዣውን የቀየረው በዚህ ነው። ማቀዝቀዣ ግን በየዓመቱ አይገዛም። የችርቻሮ ሽያጭ በሜይ 2025 6.4 በመቶ አድጎ ነበር፤ በኦክቶበር ዕድገቱ ከ3 በመቶ በታች ወረደ።

ይህ ሁሉ ማለት ገንዘብ ያገኘ የለም ማለት አይደለም። ላቡቡ የተባለችውን ባለጥርስ አሻንጉሊት የሚሸጠው ፖፕ ማርት በ2022 አክሲዮኑ 10 የሆንግ ኮንግ ዶላር አካባቢ ነበር፤ በኦገስት 2025 ከ300 አለፈ፣ ከዚያም ብዙ ወረደ። ቤት መግዛት ያልቻለ ወጣት በትንሽ ገንዘብ ደስታ ይገዛል፤ ይህ እውነተኛ ዝንባሌ ነው። ነገር ግን ነገ የሚወደደው የትኛው አሻንጉሊት እንደሆነ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከእኔ ይልቅ ያውቃል፤ ስለዚህ አልነካውም።

«ፈንድ ከገዛሁ አደጋው ይበተናል» ማለትህ በከፊል ልክ ነው። ሆኖም የቻይና ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ የሚከታተለው ኤምኤስሲአይ ቻይና የተባለው መለኪያ በ1992 መጨረሻ ከ100 ተነሥቶ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ የትርፍ ድርሻ ሳይታሰብ በዶላር ከመነሻው በታች ነበር። በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱ ኢኮኖሚ ስንት እጥፍ እንዳደገ አንተም ታውቃለህ። አዳዲስ አክሲዮን ያለማቋረጥ ስለሚወጣ፣ ዕድገቱ ለነባሩ ባለአክሲዮን እየሳሳ ነው የደረሰው። አሜሪካ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ደግሞ ኬይማን ደሴቶች ላይ የተመዘገቡ፣ ቻይና ካለው ሥራ ጋር በውል ብቻ የተያያዙ ድርጅቶች ናቸው፤ የሥራው ራሱ ባለቤት አትሆንም ማለት ነው።

እኔ አሁን ቻይና ላይ ያለኝ ከቁጠባዬ አሥር በመቶ አይሞላም። የያዝኩትም ዋጋ ሳይሰብሩ መሸጥ የቻሉና በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ የሚከፍሉ ሁለት ኩባንያዎችን ነው። ልጨምር የምችለው ያገለገሉ ቤቶች ዋጋ መውረዱን ሲያቆምና የገጠር ጡረታ በአሥርና በሃያ ዩዋን ሳይሆን በመቶዎች ሲጨምር ነው። የኖቬምበር 11 የሽያጭ ቀን ወሬን ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

አንተም ከመግዛትህ በፊት ፈንዱ የያዛቸውን አሥር ትልልቅ ኩባንያዎች ስም እዚሁ ለጥፍልን። አሊባባ፣ ሜይትዋንና ጄዲ ተደምረው ሲሶውን ከያዙ፣ የምትገዛው ያንን የእኛን የወተት ሻይ ሒሳብ ነው።