የቤቱ ማሽን 178፣ ላብራቶሪው 160፤ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ ስኳር አለባት። ባለፈው ጠዋት በባዶ ሆዷ ቤት ስለካላት 178 አለ። ወዲያው ላብራቶሪ ስንሄድ 160 ሆነ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን? ልጣለው?

መልስ፦ ኧረ አይጣሉት! የቤት ማሽን ከላብራቶሪ ጋር ቁጥር በቁጥር እንዲገጥም አይጠበቅም። አይኤስኦ 15197 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በ2013 እትሙ የሚፈቅደው ልዩነት አለ። ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከመቶው ልኬት 95ቱ ከላብራቶሪው በ15 በመቶ ውስጥ ከሆኑ ይበቃል። ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ በ15 ነጥብ ውስጥ። ላብራቶሪው 160 ካለ ከ136 እስከ 184 ያለው ሁሉ ያስኬዳል። የእናትዎ 178 እዚያው ውስጥ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። 178ም ይሁን 160፣ በባዶ ሆድ ሁለቱም ከፍ ያሉ ናቸው። ለብዙ የስኳር ታካሚ የምንፈልገው ከ80 እስከ 130 ነው። ስለዚህ ስለ ማሽኑ ከመጨነቅ ስለ መድኃኒቷ ሐኪሟን ያነጋግሩ።

ቁጥሩን ክፉኛ የሚያዛባው ብዙ ጊዜ ጣት ነው። አንዲት እናት በር ላይ ለልጅ ልጃቸው ማንጎ ሲልጡ ቆይተው ገቡ። ስለካቸው 290! ደነገጡ። እጃቸውን በሳሙና አስታጥቤ ስደግመው 150 ገደማ ሆነ። ጠብታዋ በጣም ትንሽ ስለሆነች ጣት ላይ የቀረ ጭማቂ ይለውጣታል። በአልኮል መጥረግ ብቻውን ሁሌ አያስለቅቀውም። ውሃ ጠፍቶ ከሆነ ከጀሪካን በጆግ ቀድተው እናትዎን ያስታጥቧቸው፤ እጃቸውም በደንብ ይድረቅ። እሱም ካልተቻለ የመጀመሪያውን ጠብታ ጠርገው በሁለተኛው ይለኩ።

ስትሪፑ፣ ማለትም ደሙ የሚነካበት የማሽኑ መለኪያ ወረቀት፣ እርጥበትና ሙቀት አይወድም። ከራሱ ዕቃ አውጥተው በፌስታል አይቋጥሩት፤ ክዳኑን ወዲያው ይግጠሙ፤ ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት። ጊዜው ያለፈበትንም አይጠቀሙ። ደም ማነስ ካለባቸው ማሽኑ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከ70 በታች ካሳየ ግን የማሽኑን ልክነት አይከራከሩ። መዋጥ ከቻሉ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አይስጡ፤ ቶሎ ሆስፒታል ያድርሷቸው።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ማሽኑንም ስትሪፑንም ይዘው ይሂዱ። እዚያው ሐኪሙ ፊት ይለኩ፤ አለካክዎን ይይልዎት።