ሱፐርቻርጀር በአዲስ አበባ ከፍታ፦ ስለ ሞተር ብስክሌት ሞተር ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው ጋራዣችን አንድ ባለ 250 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ፈትተን ለሱፐርቻርጀር (በሞተሩ ጉልበት እየዞረ አየርን ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ለሚገፋ መሣሪያ) እያዘጋጀን ነው። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ጥያቄው ስለበዛ ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ስሌቶቹ ሁሉ የዚህ ሞተር ናቸው፤ ሌላ ሞተር ያላችሁ ቁጥሩን ትታችሁ አካሄዱን ውሰዱ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ጋሼ፣ 0.4 ባር ግፊት ብጨምር ጉልበቱ በ40 በመቶ ያድጋል ማለት ነው?

አያድግም፤ ከሁሉም በፊት ይህ እንዲገባችሁ አጥብቄ እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባሕር ጠለል 1.01 ባር የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 0.76 ባር አካባቢ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው 25 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ሲወጣ ያለው ጉልበት ከ19 እምብዛም አያልፍም። የምትጨምረው የመጀመሪያው 0.25 ባር ከፍታው የወሰደብህን ይመልስልሃል እንጂ ትርፍ አይደለም።

ቀጥሎ ሙቀቱ አለ። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይሳሳል። በ0.76 ላይ 0.4 ስትጨምር አየሩን 1.53 ጊዜ ጨመቅኸው ማለት ነው። 20 ዲግሪ የነበረው አየር 60 በመቶ ብቃት ባለው ሱፐርቻርጀር ሲያልፍ 80 ዲግሪን ይሻገራል። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው የአየር ክብደት የሚያድገው በ26 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሱፐርቻርጀሩን ለማዞር የሚሄደው ጉልበት ሲቀነስ፣ ያን ሁሉ ወጪ አውጥተህ የደረስክበት በባሕር ጠለል ያለ ሰው ያለ ምንም ድካም ከሚያገኘው ያነሰ ይሆናል። በዚህ ከተማ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር) የሌለው ሱፐርቻርጀር ገንዘብ ማባከን ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

የእኛ ዕቅድ 0.6 ባር ከኢንተርኩለር ጋር ነው። አየሩን 50 ዲግሪ ላይ ከያዝነው ክብደቱ በ60 በመቶ ያህል ያድጋል። ሱፐርቻርጀሩ 3 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይወስድብናል፤ የመጭመቂያ ሬሾውን (ፒስቶኑ ድብልቁን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው የሚያሳየውን ቁጥር) ዝቅ ማድረጋችንም ጥቂት ያጎድላል። የምንጠብቀው 26 ወይም 27 የፈረስ ጉልበት ነው። ከ19 ተነስቶ እዚያ መድረስ ብዙ ነው፤ የሚያስደስተውም በላይኛው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ከታች ጀምሮ በዳገት ላይ መሰማቱ ነው።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ለምን ቱርቦ አልመረጣችሁም? በጭስ ስለሚሠራ ጉልበት አይወስድም ሲሉ ሰምቻለሁ።

እህቴ፣ ቱርቦም በነጻ አይሠራም፤ ጭሱ እንደ ልቡ እንዳይወጣ ያግደዋል። ዋናው ምክንያታችን ግን የሞተሩ ትንሽነት ነው። የአንድ ሲሊንደር ጭስ መጠኑ ጥቂት ነው፣ የሚመጣውም እየተቆራረጠ ነው፤ ለዚያ የሚመጥን ትንሽ ቱርቦ ማግኘት ያስቸግራል። በቺንጋ የሚዞር ሱፐርቻርጀር ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይታዘዛል።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ ከጃፓን ባለ 660 ሲሲ ቀላል መኪና የወጣ፣ በአንድ ዙር 300 ሲሲ አየር የሚገፋ ሱፐርቻርጀር አግኝቻለሁ። ለ250 አይበዛም?

ፑሊውን በልኩ ካሠራኸው አይበዛም። ባለ አራት ምት 250 ሞተር አየር የሚስበው በሁለት የክራንክ ዙር አንድ ጊዜ ስለሆነ ለአንድ ዙር የሚደርሰው 125 ሲሲ ነው። እኛ የምንፈልገውን የአየር ክብደት ለማስገባት በዙር 190 ሲሲ ገደማ የውጭ አየር ያስፈልጋል። የአንተ ሱፐርቻርጀር ወደ ኋላ የሚያፈሰው ሲቀነስ 240 ያህል ይሰጥሃል። ስለዚህ ክራንኩ አንድ ጊዜ ሲዞር እሱ 0.8 ጊዜ ቢዞር ይበቃል። ቶርኖ ቤት ከመሄድህ በፊት ይህን ስሌት በራስህ ሞተር ሠርተህ ወረቀቱን ይዘህ ሂድ።

አንድ ነገር እንዳትረሳ። ሱፐርቻርጀሩ ሳያቋርጥ ይገፋል፣ የአንድ ሲሊንደር መግቢያ ቫልቭ ግን በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚከፈተው። በመካከላቸው ከሞተሩ በብዙ እጥፍ የሚሰፋ የአየር ማጠራቀሚያ ክፍል ከሌለ ግፊቱ ይዘላል፣ ቺንጋውም ይንገጫገጫል። ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ አየሩን ወደ ኋላ የሚመልስ ቫልቭ፣ እሳት ወደ ኋላ ቢመለስ ደግሞ የሚያስተነፍስ መክፈቻ የግድ ይሁኑ።

ጥያቄ (ከሰንጋ ተራ)፦ የመጭመቂያ ሬሾውን ለመቀነስ ሲሊንደሩ ሥር ወፍራም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቢገባበትስ?

በስሌት ይሠራል። ከ11 ለ 1 ወደ 8.5 ለ 1 ለመውረድ የማቃጠያ ክፍሉ ከ25 ወደ 33 ሲሲ ገደማ መስፋት አለበት። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት (ዲያሜትር) 76 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሲሊንደሩን 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ማንሳት ነው። ችግሩ፣ ፒስቶኑ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጠርዝ ጋር ተቀራርቦ ድብልቁን የሚያናውጥበት ጠባብ ክፍተት ይጠፋል። ያ ክፍተት ሲሰፋ ቃጠሎው ይዘገያል፣ ሞተሩም ለማንኳኳት (ድብልቁ በራሱ ለመፈንዳት) ይቀርባል፤ ሬሾውን የቀነስከው ግን ማንኳኳትን ለመሸሽ ነበር። በተጨማሪ የካምሻፍቱ ካቴና (ሰንሰለት) ልክ ስለሚዛባ የቫልቮቹ ጊዜ ይዘገያል። አናቱ ጎድጎድ ያለ የተቀጠቀጠ (በቀለጠ ብረት ሳይሆን በግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስቶን ግዛ። ውድ ነው፣ ግን ዋጋው ይገባዋል።

የፒስቶን ቀለበቶቹን አፍ ክፍተትም እንደ ተራ ሞተር አታድርገው። ለተራ ሞተር 0.30 ሚሊ ሜትር የሚበቃ ከሆነ፣ ለዚህ 0.45 ገደማ እንተዋለን። ሙቀቱ ስለሚበዛ ቀለበቱ ይረዝማል፤ ጫፎቹ ከተገናኙ ሲሊንደሩን ይፍቃል ወይም የፒስቶኑን ጠርዝ ይሰብራል። የፒስቶኑ አምራች የሰጠው ወረቀት ካለ ከእኔ ቁጥር ይልቅ እሱን እመን። ቢየላውን (ፒስቶኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ዘንግ)፣ የቢየላውን ሮለር፣ የቴስታታውን ብሎኖችና የፍሪሲዮኑን ሞላዎች በዚሁ አጋጣሚ ተመልከታቸው። ግፊት ሲጨመር መጀመሪያ የሚንሸራተተው ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮኑ ነው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ነዳጁና እሳቱ እንዴት ይስተካከላሉ?

ከማደያ የምናገኘውን ተራ ቤንዚን መነሻ አድርጉ። ሙሉ ግፊት ላይ የአየርና የነዳጅ ሬሾው ከ11.5 እስከ 12 ለ 1 ይሁን፤ 14.7 በቀስታ ስትነዱ ብቻ የሚሠራ ነው። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ለእያንዳንዱ 0.07 ባር አንድ ዲግሪ ያህል አዘግዩ፤ ለ0.6 ባር 8 ወይም 9 ዲግሪ ይሆናል። ይህ መነሻ ነው፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ትፈልጋላችሁ። ካንዴላው አንድ ደረጃ የቀዘቀዘ (ሙቀትን ቶሎ የሚያስወጣ)፣ ክፍተቱም ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር የጠበበ ይሁን። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ፍቱትና በአጉሊ መነጽር እዩት፦ ነጩ ሸክላ ላይ የብር ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካሉ የፒስቶናችሁ አሉሚኒየም ነው። በዚያው አቁሙ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ እዚህ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ጎጃም ብነዳው ችግር አለው?

እንዲህ ያለ ጥያቄ በጣም ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው አያስበውም። እንጦጦ ስትወጣ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፣ ድብልቁ ይወፍራል (ነዳጅ ይበዛበታል)፣ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ሞተሩ አይጎዳም። አደጋው ወደ ታች ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርደህ ዓባይ ድልድይ ስትደርስ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ፣ የውጭው ግፊት ደግሞ 0.89 ባር አካባቢ ይሆናል። በቺንጋ የሚዞር ሱፐርቻርጀር የውጭውን ግፊት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ብዜት (እዚህ 1.79 ጊዜ ያህል) ስለሚያበዛው እዚህ 0.6 ያሳየህ መለኪያ እዚያ 0.7 ያሳይሃል። እውነተኛው ጭማሪ ግን ከዚያ ይበልጣል፦ ሲሊንደሩ የሚቀበለው አጠቃላይ ግፊት ከ1.36 ወደ 1.59 ባር አድጓል። ነዳጁ በነዳጅ መስጫው መከፈትና በዙር ብቻ የሚለካ ከሆነ ድብልቁ ይሳሳል (ነዳጅ ያንሰዋል)፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጣ ሙሉ ጋዝ ትሰጣለህ፣ ፒስቶኑ ይበሳል።

ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር አጠቃላይ ግፊትን የሚለካ ዳሳሽ ይኑረው፤ ትርፍ አየር የሚያስወጣውም ቫልቭ በዚያው ልኬት ይታዘዝ። ካርቡራቶር ይዘህ ከሆነ ከከተማው አትራቅ።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ ዕቃ በማድረስ የምተዳደርበት በአየር የሚቀዘቅዝ 150 ሲሲ አለኝ። ይሆናል?

ወንድሜ፣ እንጀራህ ነውና አትንካው። በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ የሚሠራ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ተጨማሪውን ሙቀት የሚያስወግድበት መንገድ የለውም። ቫልቩን በልኩ አስተካክል፣ ካርቡራቶሩን ለዚህ ከፍታ በሚስማማ ትንሽ ጂግለር (የነዳጅ ቀዳዳ) አስለካ፣ የአየር ማጣሪያውን ቀይር። ልዩነቱ ይሰማሃል።

ጥያቄ (ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ)፦ በወጣትነቴ ኮምፕሬሶር (ሱፐርቻርጀር) ያለው ቢኤምደብልዩ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

እውነት ነው ጋሼ፣ ልክ ሰምተዋል። በ1939 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ጌኦርግ ማየር በብሪታንያ አጠገብ ባለችው የአይል ኦፍ ማን ደሴት ትልቁን የ500 ሲሲ ውድድር ያሸነፈው ኮምፕሬሶር በተገጠመለት ቢኤምደብልዩ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 እ.ኤ.አ. ሱፐርቻርጀር በውድድር ታገደ፤ ነገሩ ለረጅም ጊዜ የተረሳውም በዚህ ምክንያት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ካዋሳኪ ኒንጃ ኤች2 ብሎ ሲመልሰው የመጭመቂያ ሬሾው 8.5 ለ 1 ነበር፤ እኛም ቁጥሩን ስንመርጥ እሱን አይተናል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ገንዘቤ ጥቂት ነው፤ መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ሰፊ ልኬት ያለው የኦክስጅን ዳሳሽ (ከጭሱ የአየርና የነዳጅ ሬሾውን የሚያነብ) ከነማሳያው። አሁን ባለው ሞተርህ ማርሚታ (የጭስ መውጫ ቱቦ) ላይ ግጠመውና ለጥቂት ወራት ከእሱ ጋር ንዳ። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ጠዋት በብርድ፣ ቀትር ላይ፣ ቁጥሩ የት እንደሚሄድ ጻፍ። ሱፐርቻርጀሩን ከዚያ በኋላ ትፈልጋለህ።