ኮኔክት ብሏል፣ ምስሉ ግን የለም

ጥያቄ፦ ሰላም የጠይቁን አዘጋጆች፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምጽፍላችሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የቪዲዮ ጌትዌይ (ሁለት ዓይነት የጥሪ ሲስተሞችን የሚያገናኝ ሰርቨር) እየሰራን ነው፣ በአንድ በኩል የሲፕ (የኢንተርኔት ጥሪ ፕሮቶኮል) ቪዲዮ ስልክ አለ፣ በሌላ በኩል ብሮውዘር በዌብ አርቲሲ (ብሮውዘር ውስጥ ባለው የቀጥታ ድምፅና ቪዲዮ መገናኛ)። ድምፁ በሁለቱም በኩል ይሰማል፣ የስልኩ ምስል ብሮውዘሩ ላይ ይመጣል ግን እሱም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቆየ በኋላ ነው፣ የብሮውዘሩ ምስል ደግሞ ስልኩ ላይ ጭራሽ የለም። ሁለቱን የሚያያይዘው ኮኔክት ፈንክሽን ሰክሰስ ነው የሚመልሰው፣ ኤረር የሚባል ነገር የለም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሰላም የሳቢያን ልጆች! ይሄ ነገር እኔንም ስንት ሌሊት እንቅልፍ አሳጥቶኛል። መጀመሪያ ኮኔክትን ስንት ጊዜ እንደጠራችሁ ቁጠሩ። ብዙ የሚዲያ ላይብረሪዎች ላይ ኮኔክት ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሰራው፣ የአንዱን ኤንድፖይንት (የጥሪው አንድ ጫፍ) መውጫ ከሌላው መግቢያ ጋር ያያይዛል፣ በቃ። ወደ ሐረር የሚወጣው ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ ማለት ከሐረር የሚወርድ አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ለድምፅ 2 ለቪዲዮ 2፣ በድምሩ 4 ጊዜ መጥራት አለባችሁ።

አራቱም ካሉ ኮዴኩን (ድምፅና ምስል የሚታመቅበትንና የሚፈታበትን ዘዴ) እዩ፣ እኔ በጣም የምጠረጥረው እሱን ነው። ድምፁ የሰራላችሁ ጂ 711 የሚባለውን የድምፅ ኮዴክ ብሮውዘሩም ስልኩም ስለሚያውቁት ይመስለኛል። ቪዲዮ ላይ ግን ብሮውዘሩ ቪፒ8ም ኤች 264ም ይችላል፣ ስልኩ ኤች 264 ብቻ ከሆነና ብሮውዘሩ ቪፒ8 እየላከ ከሆነ ቻናሉ ተገናኝቷል፣ ፓኬቱም ይደርሳል፣ ስልኩ ግን ሊፈታው አይችልም። ኤስዲፒው (ሁለቱ ወገኖች የሚችሉትን ኮዴክ የሚዘረዝሩበት ጽሑፍ) ላይ ኤች 264ን አስቀድሙ፣ ትራንስኮዲንግ (ከአንድ ኮዴክ ወደ ሌላ መቀየር) ውስጥ ባትገቡ ይሻላል፣ በድሬ ሙቀት ሰርቨሩን በከንቱ ማቃጠል ነው። ሌላው የፔይሎድ ታይፕ ቁጥር (ፓኬቱ በየትኛው ኮዴክ እንደተሰራ የሚናገረው) ነው፣ ከ96 እስከ 127 ያሉት ቋሚ ትርጉም የላቸውም፣ በየኮሉ በስምምነት ነው የሚሰጡት፣ ብሮውዘሩ 102 ያለውን ስልኩ 96 ሊለው ይችላል፣ ጌትዌያችሁ መሀል ላይ ቁጥሩን ካልቀየረው ስልኩ ፓኬቱን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ፓኬታይዜሽን ሞዱንም (ኤች 264 ወደ ፓኬት የሚከፈልበትን መንገድ) አመሳክሩ፣ 0 ብቻ የሚችል ስልክ በ1 ተቆራርጦ የሚመጣለትን ፍሬም መልሶ መግጠም አይችልም። ኦፈርና አንሰሩ (የኤስዲፒው ልውውጥ) ሳያልቅም ኮኔክት አትጥሩ፣ ኤንድፖይንቱ ገና ምን እንደሚልክ አያውቅም።

ጥቁሩ ስክሪን የኪ ፍሬም ጉዳይ ነው። በመሀል የገባ ዲኮደር ሙሉ ፍሬም እስኪመጣለት ድረስ ምንም ማሳየት አይችልም፣ ስለዚህ ኮኔክት እንዳለቀ ወዲያው ላኪውን ኪ ፍሬም ጠይቁት፣ ብሮውዘሩን በአርቲሲፒ ፒኤልአይ (ምስል ጎድሎኛል የሚል መልእክት)፣ ስልኩ ያንን የማያውቅ ከሆነ ደግሞ በሲፕ ኢንፎ ፒክቸር ፋስት አፕዴት (አርኤፍሲ 5168 ላይ አለ)።

ኮድ ከመነካካታችሁ በፊት ግን በአራቱም አቅጣጫ የገባና የወጣውን ፓኬት ቆጥራችሁ ሎግ አድርጉ። ከብሮውዘሩ የገባው እየጨመረ ወደ ስልኩ የወጣው 0 ከሆነ ኮኔክቱ ጋ ተመለሱ፣ ሁለቱም እየጨመሩ ምስል ከሌለ ግን ችግሩ ኮዴኩና የፔይሎድ ታይፕ ቁጥሩ ላይ ነው ያለው።