ክራሩ ከግድግዳ ይውረድ
ለወጣት ወላጆችና ለጀማሪ የሙዚቃ መምህራን

ልጆቼ፣

ደሴ ላይ ሕፃናትን ክራርና ማሲንቆ በማስተማር ዕድሜዬን አሳልፌአለሁ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከወላጆች አንደበት ደጋግሜ የሰማሁት አቤቱታ «መማር እፈልጋለሁ ብሎ ክራር አስገዛን፤ አሁን ግን ዞር ብሎም አያየውም» የሚል ነው። ጀማሪ መምህራንም ተማሪዎቻቸው ሳይለማመዱ እየመጡ ትምህርቱ ባለበት እንደሚረግጥ ይነግሩኛል። መልሴን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከብዙ ዓመት በፊት ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ተማሪ ነበረኝ። ጆሮው ንቁ፣ ጣቱ ቀልጣፋ ሆኖ ሳለ ቤቱ ገብቶ ግን ፈጽሞ አይለማመድም ነበር። በጓደኞቹ ፊት «ሰነፍ» አልሁት። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ቤታቸው ስሄድ ክራሩ ልጁ በማይደርስበት ከፍታ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በነጠላ ተሸፍኖ ተሰቅሎ አየሁት። እናቱ አውርደው ሲሰጡኝ ነካ ነካ አደረግሁት፤ ከስድስቱ አውታሮች አንዱም ከሌላው ጋር አይስማማም፤ ሁሉም ከቀንበሩ፣ ከሚጠመጠሙበት አግዳሚ እንጨት፣ ላይ ላልተዋል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እዚህ ሲሆን እርስዎ ጋ እንደሚጮኸው አይጮህም» አለኝ። ለካ መቃኘት አላስተማርሁትም ኖሯል። ክፍል ሲመጣ እኔ ቃኝቼ አቀብለዋለሁ፤ ቤቱ ሲገባ ያንኑ ዜማ ቢመታው ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣበታል፤ ጆሮው ደህና የሆነ ልጅ ደግሞ ይህን አይችለውም። በዚያው ዕለት ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ከዜማ አስቀድሜ መቃኘትን አስተምራለሁ። በቀንበሩ ላይ ከጨርቅ ጋር የተጠመጠመውን አውታር እያዞሩ ማጥበቅ ለትንሽ እጅ መጀመሪያ ላይ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ልጆች ከምታስቡት በላይ ይወዱታል። ሙሉ ትዝታ ከሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጉ ግማሽ ትዝታ ይሆናል፤ ይህን በገዛ እጁ ያደረገ ልጅ፣ ያው መሣሪያ በድንገት ሲያዝን ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ተመልከቱ። መሣሪያው የእሱ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ልጁ ሰሚ ይፈልጋል። በአገራችን ማንም ሕፃን ዜማን በር ተዘግቶበት ብቻውን ተምሮ አያውቅም። በወሎ መንዙማ የሚማረው ልጅ ከትልልቆቹ መካከል ተቀምጦ እየተቀበለ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ተማሪ መምህሩ ሲያዜሙለት እየተከተለ ነው። እኛ ግን «ግባና ተለማመድ» ብለን ወደ ጓዳ እንሰደዋለን። ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ፣ እዚያው አጠገባችሁ ይጫወት። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ በየቀኑ፣ ቅዳሜ ብቻ ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ልምምድ እጅግ ይበልጣል። «ተለማመድህ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ዛሬ የትኛው ቦታ አስቸገረህ?» በሉትና ያችኑ ቦታ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ሳይነሣ፣ ዝግ አድርጎ ይድገማት።

በገንዘብ አታባብሉት፤ ብሩ የቀረ ዕለት ክራሩም ይቀራል። ጥፋት ሲያጠፋም ልምምድን ቅጣት አታድርጉበት።

ስለ ክብር አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነውና። ልጁ ማሲንቆ ይዞ ሲያልፍ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚል አጎት ወይም ጎረቤት አይጠፋም፤ ያች ቃል የብዙ ሳምንት ትምህርት ታፈርሳለች። እንዲህ ሲባል ዝም አትበሉ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የሚጠሩት በገዛ አገራችን ቦታዎች ስም መሆኑን ልጁ እየሰማ ለእንግዳው ንገሩት። ከተቻላችሁም ልጁን ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ይዛችሁት ውረዱ፤ ጣቱ የሚያውቀው ስም ሰው የሚኖርበት፣ ግመል የሚሸጥበት ቦታ መሆኑን በዓይኑ ይይ። አንዲት ተማሪዬ ከዚያ ስትመለስ፣ ሳላዛት ባቲን ቃኝታ ጠበቀችኝ።

አሁን ክራሩን ከግድግዳው አውርዱትና ልጁ እጁን ዘርግቶ በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት፤ ከምድጃና ከፀሐይ ግን ይራቅ። የደሴ ክረምት በጉሙና በዝናቡ ቆዳውን ስለሚያረጥበው፣ በሐምሌና በነሐሴ ቅኝቱ ቶሎ ቶሎ ይፈታል። በእነዚያ ወራት ልጁ ከመጫወቱ በፊት በየቀኑ ይቃኝ፤ እናንተም አጠገቡ ተቀምጣችሁ እስኪጨርስ ጠብቁት።