የፊልተር ፍሪኩዌንሲ ስትመርጡ

ታናናሾቼ፣

የፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) አናሎግ ካርድ፣ ማለትም የሴንሰሮችን ምልክት የሚያነበውን ክፍል፣ ስታዘጋጁ እያንዳንዱ ቻናል ላይ የፊልተር ፍሪኩዌንሲ (የትኛው የኤሌክትሪክ ረብሻ እንደሚጣራ የሚወስን ቁጥር) ምረጡ ይላችኋል። ብዙ ልጆች እንዳለ ትተውት ሲያልፉ አያለሁ። እባካችሁ አትለፉት።

የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው። አንዳንድ ካርድ ግን ከፋብሪካው 60 ላይ ሆኖ ይመጣል፤ ስድስት ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሴንሰር) የሚቀበለው አለን-ብራድሊ 1769-አይቲ6 አንዱ ነው። ኬ-ታይፕ ቴርሞካፕል ለአንድ ዲግሪ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ብቻ ነው። አጠገቡ ካለፈው የሞተር ኬብል ትንሽ ረብሻ ሲገባበት ስክሪኑ ላይ ሙቀቱ ሲዘል ይውላል። ፊልተሩን 50 ስታደርጉት ካርዱ 50ን ከነብዜቶቹ ነቅሶ ያወጣል።

«10 ብናደርገውስ? ጭራሽ ጸጥ ይላል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ 10 ሄርዝ 50ንም 60ንም ያጠፋል። ግን ያዘገያል። በዚሁ ካርድ ላይ ድንገተኛ ለውጥ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ በ10 ሄርዝ 300 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በ50 ሄርዝ 60 ሚሊሰከንድ፣ በ1000 ደግሞ 3 ብቻ። ካርዱ ቻናሎቹን የሚያነበው ተራ በተራ ስለሆነ፣ ስድስቱም 10 ላይ ከሆኑ አንድ ዙር ወደ ሁለት ሰከንድ ይጠጋል። ለትልቅ ምድጃ ይህ ምንም አይደለም። ቶሎ የሚሞቅ ትንሽ ሂተር ላይ ግን ፒአይዲው (ሙቀቱን የሚያስተካክለው የቁጥጥር ስሌት) ያረጀ ንባብ ይዞ ይሠራል፣ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ከዚያ ሁሉም ሰው ጌይኑን (የፒአይዲውን የምላሽ ጥንካሬ) መነካካት ይይዛል፤ ፊልተሩን የሚያስታውስ የለም።

ደግሞ 50 የሚለው ቁጥር አያሳስታችሁ። እስከ 50 ሄርዝ ያለው ሁሉ ያልፋል ማለት አይደለም። በዚህ ካርድ ምልክቱ በግልጽ መዳከም የሚጀምረው 13 ሄርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትለኩት ነገር ምን ያህል ይፈጥናል ብላችሁ ጠይቁ። የስክሪኑን ማማር አትዩ።

ፊልተር የኬብል ዝርጋታን ስህተትም አያርምም። የሴንሰሩ ኬብል ከኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ኬብል ጋር በአንድ ትሬይ ከሄደ፣ ወይም ሺልዱ (ረብሻ የሚከላከለው የኬብሉ ሽፋን) በሁለቱም ጫፍ ግራውንድ ከተደረገ፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ቴርሞካፕሉን ከካርዱ የሚያገናኘው ኤክስቴንሽን ኬብል ፕላስና ማይነስ ከተገለበጠ ደግሞ ንባቡ ጸጥ ብሎ ይሳሳታል። ለዚህ የትኛውም ፊልተር አይደርስለትም።

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ትሬንዱን (የንባቡን ግራፍ) ቆማችሁ እዩ። ጄኔሬተሩ ጭነት ሲበዛበት ከ50 ወረድ ካለ ረብሻው ከፊልተሩ ሸርተት ይልና ንባቡ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ያኔ ካርዱን ከመቀየራችሁ በፊት የጄኔሬተሩን ገቨርነር (የሞተሩን ፍጥነት የሚጠብቀውን ክፍል) አስፈትሹ።