ድንጋይ መጫኑን ተይው፣ የጣሪያሽን ማሰሪያ አስፈትሺ

እህቴ፣ «ነፋስ የጎረቤቴን ቆርቆሮ ገነጠለው፤ የኔም ጫፉ ይንኳኳል፤ ድንጋይ ብጭንበት ይበቃል ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። አይበቃም። እኔም እዚሁ ጅማ፣ ከጂረን በታች ቁልቁለቱ ላይ ነው የምኖረው። ጣሪያዬ ከነእንጨቱ ተነስቶ ሰው ጓሮ ስለወደቀ የምልሽን አቅልለሽ አትዪው።

1. ድንጋይም አሮጌ ጎማም አትጫኚ። ኃይለኛ ነፋስ ጣሪያን ወደ ላይ ነው የሚስበው፣ በተለይ ጠርዙንና ማዕዘኑን። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

2. ማሰሪያው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቆርቆሮው ውፍረት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ ባለ 28 ከባለ 35 እንደሚጠነክር እኔም አውቃለሁ፤ የኔ ባለ 28 ነበር። አንድም ቅጠል ቆርቆሮ ሳይቀደድ ከነሞራሌው፣ ከተመታበት እንጨት ጋር ሄደ! አናጢው የጣሪያውን እንጨት ከቋሚው ጋር ያያያዘው በየመጋጠሚያው በአንድ አንድ ሚስማር ብቻ ነበር። የማሰሪያ ሽቦ ብሎ ብር ተቀብሎኛል፤ ሽቦ ግን አንድም ቦታ አልተገኘም። ኮርኒስ ስላለበሰው ከታች ማን ያየዋል? ስጠይቀው «የእግዜር ነፋስ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» ብሎኝ ሄደ። ሁለተኛውን አናጢ መሰላሉ ሥር ቆሜ ነው ያሠራሁት። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ሽቦ ደርቦ፣ ቋሚውን ጨምሮ ጠምጥሞ፣ በፒንሳ አጠበቀው። የቆርቆሮ ሚስማሩን ጉብታው ላይ፣ ጠርዝ ጠርዙን ደግሞ በየጉብታው አስመታሁት። ከዚያ ወዲህ ስንት ነፋስ አለፈ፣ አንድ ቅጠል አልተነቃነቀም። ኮርኒስ ካለሽ አንድ ጥግ አስከፍቺና ሽቦ መኖሩን በዓይንሽ እዪ።

3. ፎቶ። ዛሬውኑ ጣሪያሽን በአራቱም በኩል አንሺው። እኔ ልጆቼን ሸራ ሥር ትቼ ለጥገና ፈቃድ ቢሮ ብሄድ፣ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሳይፈርስ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ፎቶ አምጪ» አለኝ። ቤቴ ነገ በነፋስ ይሄዳል ብሎ ጣሪያውን ፎቶ የሚያነሳ ማን አለ? ጎረቤቶቼ ናቸው ሄደው የመሰከሩልኝ፤ እስከዚያ ዝናቡ ፍራሹንም ዱቄቱንም ጨርሶታል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ነፋሱ ሲመጣ ደግሞ ዝናቡን አትጠብቂ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ጠንቶ፣ ደመናው ጠቁሮ፣ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ፊትሽን ከመታሽ፣ ያ ከደመናው ወርዶ መሬት ላይ የሚበተን አየር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዝናቡ ይቀድማል። ልጆቹን አስገቢ፣ ከባህር ዛፍ ሥር አርቂ፣ በርና መስኮቱን በተለይ በነፋሱ በኩል ያለውን ዝጊ። ወደ ቤት የገባ ነፋስ ጣሪያውን ከውስጥ ይገፋዋል።

የወደቀ ቆርቆሮ ማንም ሮጦ እንዳያነሳ። የኔ የመብራት ሽቦ ላይ ነበር ያረፈው፤ የጎረቤት ልጅ ሊጎትተው እጁን ሲዘረጋ ጮኼ ነው ያስጣልኩት። ራቁና ወደ መብራት ኃይል 905 ደውሉ።

አናጢ ካጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የኔን እሰጥሻለሁ። ሽቦውን ግን ራስሽ ግዢ።